የሁለተኛው አልበም ስድስተኛ ዘፈን

ሶፋ ሠሪው ዝም ማለት የሚችልበት ሰው ነበር። ይህን የምለው ላሞግሰው አይደለም። አንዳንዱ ሰው ዝም የሚለው ነገር ስለገባው ነው፤ እሱ ግን ዝም የሚለው ነገሩ ራሱ ሰልችቶት ይሄድልኛል ብሎ ነው። ደንበኛ መጥቶ «ሶፋዬ ደረሰ?» ሲለው ዝም ይላል፤ ደንበኛው ተናዶ፣ ተሳድቦ፣ ሲበቃው ይሄዳል። የሙዚቃ ባንዱ ጓደኞቹ «ስፖንጅ» ብለው ሲጠሩት በሥራው ምክንያት ይመስለው ነበር። በሥራውም ነበር፤ ግን የነገሩትን ሁሉ መጥጦ የሚያስቀር፣ ካልጨመቁት የማይተፋ ሰው ስለሆነም ነበር።

የሚሠራው ከአንድ አሮጌ ሕንፃ ሥር፣ ምድር ቤት ውስጥ ነው። አሥራ አንድ ደረጃ ተወርዶ ይገባል። እስከ ጣሪያ የተቆለለ ስፖንጅ፣ ጨርቃቸው የተገፈፈ ወንበሮች፣ ዐይን የሚያቃጥል የሙጫ ሽታ። ድምፅ እዚያ ቤት ከገባ አይወጣም። ባንዱም እዚያ የከተመው ለዚህ ነበር፤ ከሌላው ቦታ ሁሉ ጎረቤት አባሯቸዋል።

አራት ነበሩ። መድኃኒት ቤት የሚሠራው ቀጭኑ ሰውዬ ጊታር ይጫወታል። ፀጉር አስተካካዩ ድራም ይመታል፤ የሰው ጢም ሲላጭ እጁ ቅንጣት የማይንቀጠቀጠው ሰው ድራሙ ኋላ ሲቀመጥ ግን ጋኔን የሰፈረበት ይመስላል። ሶፋ ሠሪው ቤዝ ጊታር ይይዛል። የሚዘፍነው ደግሞ የእሱው ታላቅ ወንድም፣ የከተማ አውቶቡስ ሹፌሩ ነበር።

ሁለቱን ወንድማማቾች ያየ ሰው አንድ ማህፀን አወጣቸው ለማለት ይቸገራል። ታላቅየው አውቶቡሱን እየነዳ ይዘፍናል፤ ተሳፋሪ «ሹፌር፣ መንገዱን እይ እንጂ!» ሲለው «መንገዱ እኔን ይይ» ይላል። ድምፃቸው ግን ቁርጥ አንድ ነው። አንድ ቀን የታላቅየው እጮኛ ስልክ ደውላ፣ የሆዷን ሁሉ ለታናሹ ዘርግፋለት፣ እሱ እንደ ልማዱ ዝም ብሎ ሰምቷት፣ ነገሩ ሲታወቅ ሁለት ወር ሙሉ አኮረፈችው። ታላቅየው በሳቅ ሊሞት ነበር።

የመጀመሪያ አልበማቸው የተቀዳው እዚያው ምድር ቤት፣ በአንዲት እሁድ፣ በአንዲት ባለ ካሴት መቅጃ ነው። ሸካራ ነው፤ አንድ ቦታ ላይ ወንበር ሲወድቅ ይሰማል። ሰው ግን ወደደው። የሮክ ሙዚቃ ጩኸት ነው የሚሉ ሰዎች ሳይቀሩ ታክሲ ውስጥ ሲከፈት በእግራቸው ወለሉን ይመቱ ነበር። አንድ የሙዚቃ አሳታሚ ሁለተኛውን በትክክለኛ ስቱዲዮ እንዲሠሩት ጠራቸው።

ያቺን መቅጃ በሚመለከት የጸና ልማድ ነበራቸው። ቀድሞ የደረሰ ሰው ካሴቱን ወደ ኋላ ያጠነጥናል፣ ቀዩን ቁልፍ ከጎኑ ካለው ጋር አብሮ ይጫናል፣ ልምምዱም ይቀዳል። ሲጨርሱ ያዳምጡና ይሰዳደባሉ፤ በሚቀጥለው ቀን በላዩ ላይ ይቀዳሉ። ቀድሞ የሚደርሰው ደግሞ ምንጊዜም ሶፋ ሠሪው ነው፤ ቤቱ ነዋ። ስድስት ዓመት ሙሉ ማጠንጠን፣ ቀዩን መጫን፣ ቁጭ ማለት።

ለሁለተኛው አልበም ስምንት ዘፈኖች አሰናድተው ሳለ ታላቅየው ሆዱን ያመው ጀመር። ለማንም ትንፍሽ አላለም። ቀበቶውን ሁለት ቀዳዳ ሲያጠብቅ «ስፖርት ጀምሬ ነው» አለ። ሐኪም ቤት የገባው ተሸክመውት ነው፤ በገባ በሦስተኛው ሳምንት ሞተ። እናቱን ያንገበገባት መሞቱ ብቻ አልነበረም፤ መቼ እንደታመመ አለማወቋ ነበር። «መቼ ጀመረው? ፊቴ ተቀምጦ ራቱን ሲበላ ያመው ነበር?» ትላለች።

ከቀብሩ በኋላ ነው የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ መቅጃው ውስጥ ያለውን ካሴት ያገኘው። ታላቅየው ሐኪም ቤት ሊገባ ጥቂት ቀናት ሲቀሩት፣ ታናሹ ዕቃ ሊገዛ በወጣበት ሰዓት ብቻውን መጥቶ፣ አዲስ የጻፈውን ዘፈን ያለምንም መሣሪያ፣ የሶፋ ክንድ በመዳፉ እየመታ ቀድቶታል። «በሩን ገርበብ» ይላል ዘፈኑ፤ አራት ደቂቃ ነው። ሦስቱ ተሰብስበው ሰሙት። ፀጉር አስተካካዩ ስቅስቅ ብሎ አለቀሰ። ሶፋ ሠሪው ግማሹ ላይ ተነስቶ ደረጃው ላይ ወጥቶ ቆመ። በሌላ ቀን አንድ ጊዜ ሞክሮ ሰማው፤ ከዚያ ወዲያ አልቻለም።

ሦስቱ እንዲህ ሲሉ ተስማሙ፦ ስምንቱን ዘፈኖች ሶፋ ሠሪው ይዘፍናል፣ ስድስተኛው ላይ ግን ያ ካሴት እንዳለ፣ ከነእንከኑ ይገባል። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ የካሴቱ ልባስ ላይ «እንዳይነካ» ብሎ በወፍራሙ ጻፈበት። ካሴት ላይ ዳግመኛ እንዳይቀዳበት ጀርባው ላይ ያለችውን ትንሽ ፕላስቲክ መስበር ይበቃል። ሦስቱም ያውቃሉ። ሦስቱም ሌላው የሰበራት መሰላቸው።

እናት ዘፈኑ እንዳለ ሲነገራት «አሁን አልሰማም» አለች። «ጨርሳችሁ ስታወጡት እሰማዋለሁ። አንድ ነገር እንኳ የሚጠበቅ ይኑረኝ።»

ስቱዲዮ ሊገቡ አራት ቀን ሲቀራቸው፣ አንድ ጠዋት፣ ሶፋ ሠሪው እንደምንም ራሱን አበርትቶ ሊሰማው ወሰነ። ስምንቱ ዘፈኖች ከስድስተኛው ጋር እንዲመሳሰሉ የወንድሙን አዘፋፈን ማጥናት አለበት። ካሴቱን ከልባሱ አወጣ፣ ከተተ፣ አጠነጠነ፣ ቁልፉን ተጫነና ቁጭ ብሎ ዐይኑን ጨፈነ።

ምንም አልመጣም። ታላቅየው ሳይጀምር ትንሽ ይቆያል፤ ይህን ያውቃል። ጠበቀ። አሁንም ምንም የለም። እዚህ ላይ ሌላ ሰው ቢሆን ዐይኑን ገልጦ ምን ሆነ ይል ነበር። እሱ ግን ያን ድምፅ እስኪጠላው ድረስ ይፈራው ስለነበር፣ ዝምታው ስለረዘመ ደስ አለው። በሞቴ ትንሽ ቆይ፣ ትንሽ ቆይ ይላል በልቡ። ውጭ ከባድ መኪና አለፈ። ያኔ ዐይኑን ቢገልጥ ቀዩ መብራት በርቷል። ጣቶቹ ስድስት ዓመት የለመዱትን ሠርተው ቁጭ ብለዋል።

ክው አለ። ሲያቆመው ሁለት ደቂቃ ተኩል አልፏል። መልሶ ሲሰማው የራሱ ትንፋሽ አለ፣ ከባድ መኪናው አለ፣ ከዚያ ወንድሙ ከአንድ ቃል መካከል ላይ ጀምሮ የመጨረሻውን ክፍል ይዘፍናል፤ ያስላል፤ «ይኸው ነው እንግዲህ» ብሎ ያበቃል።

ሮጦ ለመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ መንገር ይችል ነበር። ይሰዳደቡ፣ ይላቀሱ ነበር፤ ያልፍም ነበር። ግን ከጓደኞቹ ኋላ እናቱ አለች፤ የሚጠበቅ ነገር ይኑረኝ ያለችው እናቱ። የልጅሽን የመጨረሻ ድምፅ እኔ አጠፋሁት ብሎ ፊቷ የሚቆምበት ጉልበት አላገኘም። ስለዚህ ልማዱን አደረገ፤ ዝም አለ። ዝም ብሎም ሥራ ጀመረ።

ግጥሙ በወንድሙ እጅ ጽሕፈት ተጽፎ ነበር። ዜማውን ታላቅየው ወራት ሲያንጎራጉረው ሰምቶታል። በሩን ከውስጥ ቆልፎ፣ ያቺኑ ሶፋ አስጠግቶ፣ ያችኑ መቅጃ አስቀምጦ በጠፋው ቦታ ላይ መዝፈን ጀመረ። ሦስት ቀን ፈጀበት። ሶፋ ሲያለብስ የስፌቱ መጋጠሚያ እንዳይታይ መደበቅ ያውቃል፤ ይሄኛው ግን ልብ የሚያደርቅ ሥራ ሆነበት። አንዴ ቀድሞ ይጨርሳል፣ አንዴ አልፎ ወንድሙን አንድ ቃል ይቆርጥበታል፤ ባጠፋት በእያንዳንዷ ቃል ላብ ያጠምቀዋል። በሦስተኛው ቀን ከሰዓት ገጠመ። ከዚያ በኋላ ነው ያችን ፕላስቲክ በመፍቻ የሰበራት።

ስቱዲዮው የቆዳ ወንበር፣ ወፍራም መስታወትና ምንጣፍ ያለበት ቤት ነው። የድምፅ ባለሙያው ከመስታወቱ ኋላ ተቀምጦ በጥቂት ቃል የሚያዝ፣ ዐይኑ ሁልጊዜ እንቅልፍ ያጣ የሚመስል ሰው ነበር። ስምንቱን ዘፈኖች በአሥራ ሁለት ቀን ቀዱ። ሶፋ ሠሪው ማይክ ፊት ሲቆም ድምፁን ቆጥቦ ያወጣል። «ስፖንጅ፣ ልቀቀው እንጂ፣ ማን ያዘህ?» ይላል ፀጉር አስተካካዩ። ደጋግመው፣ ደጋግመው ይቀዳሉ። የተሻለውን መረጡ፤ የተሻለው ግን ያው ነው።

በመጨረሻው ቀን ካሴቱ ተከፈተ። የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ ግድግዳውን ተደግፎ ሰማ። ሲያልቅ ፀጉር አስተካካዩ ዐይኑን እየጠረገ፣

«ያኔ ከሰማሁት ይበልጣል» አለ። «እንዲህ መሆኑን አላስተዋልኩም ነበር።»

«ሐዘን ላይ ነበርን፤ ምን ሰማን ያኔ» አለ የመድኃኒት ቤቱ ሠራተኛ።

የድምፅ ባለሙያው ካሴቱን ወደ ኋላ መለሰው። አንዷን ቦታ ደጋግሞ ሰማት።

«እዚህ ጋ ማሽኑ ቆሞ ነበር?» አለ።

«ይሆናል» አለ ሶፋ ሠሪው።

ባለሙያው ለአፍታ ዐይን ዐይኑን አየው። ከዚያ ወደ ቁልፎቹ ዞሮ ያቺን ቦታ በለሆሳስ አስተካከለለት።

አልበሙ «የቀረው» ተብሎ ወጣ። ሰው ሲጠብቀው ስለነበር በመጀመሪያው ሳምንት ተሻማበት፤ በሁለተኛው ሳምንት ኩም አለ። በጋዜጣ የሚጽፍ አንድ የሙዚቃ ሐያሲ እንዲህ አለ፦ «ታናሽ ወንድም በሚዘፍናቸው ስምንት ዘፈኖች ውስጥ አንድ የሚያሞቅ ትንፋሽ የለም። ልጁ የወንድሙን ጫማ አጥልቆ ይጎተታል። ከዚያ ስድስተኛው ዘፈን ይመጣል፤ ያለ መሣሪያ፣ በተበላሸ ካሴት ላይ ሟቹ ብቻውን ተነስቶ ሁሉንም ያስንቃቸዋል። የመጀመሪያዎቹ ሁለት ደቂቃዎች፣ ያ የታመቀ ለቅሶ፣ በሕይወት ያለ ሰው ሊዘፍነው የሚችል አይመስልም።»

ሶፋ ሠሪው ጋዜጣውን አሥራ አንደኛው ደረጃ ላይ ቁጭ ብሎ ሦስት ጊዜ አነበበው። ሳቁ መጣ፤ ሳቁ ግን ደረቱ ላይ ቀረ። በራሱ ስም ሲዘፍን ሬሳ አሉት፤ በሬሳ ስም ሲዘፍን ነፍስ ዘራ አሉት። ለማን ይናገረዋል? ቢናገርስ ማን ያምነዋል? ስሙን ለማደስ የሞተ ወንድሙን የሚዘርፍ ወራዳ ነው የሚሆነው።

ሬዲዮው ስድስተኛውን ብቻ መርጦ ያጫውት ጀመር። ሱቅ በሄደበት፣ ጨርቅ በሚገዛበት ቦታ ሁሉ የገዛ ድምፁ ይቀበለዋል። «ወንድምህ እኮ ...» ይሉታል የሚያውቁት ሰዎች፤ እጃቸውን ደረታቸው ላይ አድርገው። «እሱ ሄዶ የቀራችሁት እናንተ ሆናችሁ እንጂ» ያለችውም አለች። መድረክ ላይ ሲወጡ ታዳሚው ስምንቱን በትዕግሥት አሳልፎ ስድስተኛውን ካሴት እንዲያጫውቱለት ይጮሃል። ፀጉር አስተካካዩ ሞራሉ ተነካ። ከመንፈቅ በኋላ ድራሙን ሸጦ ሁለተኛ መስታወት ለሱቁ ገዛ። ባንዱ ፈረሰ ያለ ሰው የለም፤ መሰብሰብ ብቻ ቀረ።

ቤት ውስጥ ያለው ግን ከዚህ ሁሉ ይከፋል። ሶፋ ሠሪው ከእናቱ ጋር ነው የሚኖረው። ጡረታ የወጣች የስልክ ኦፕሬተር ናት፤ ዕድሜዋን በጆሮዋ ስትሠራ የኖረች። ካሴቱ የወጣ ቀን ብቻዋን ክፍሏን ዘግታ ሰማችው። ስትወጣ ዐይኗ ደም መስሏል። ከዚያን ቀን ወዲህ በየቀኑ፣ አመሻሹ ላይ፣ እሱ ከሥራ ገብቶ ጫማውን ሲያወልቅ መስኮቱ ሥር ያለችውን ማጫወቻ ትከፍታለች። ስድስተኛውን ዘፈን። እሱ አንገቱን ደፍቶ የጫማውን ክር ሲፈታ ይቆያል። ሁለት ደቂቃ ተኩል ገደማ ሲሆን፣ የእውነተኛው ልጅ ድምፅ ሊጀምር ሲል፣ ጠቅ አድርጋ ትዘጋዋለች። ሁልጊዜ እዚያው ላይ።

መጀመሪያ ላይ አልቅሳ ስለደከማት መሰለው። ኋላ ላይ ግን አንጀቱን የሚበላው ይህ ሆነ፤ እናቱ የምታዳምጠው የውሸቱን ነው፤ እውነተኛው ሲመጣ ትዘጋለች። የወንድሙን የቀረች አንዲት ደቂቃ ተኩል እንኳ በእሱ ጥፋት እናቱ ዳግመኛ ሳትሰማት ልትቀር ነው። በየቀኑ ልነግራት ነው ይላል። በየቀኑ እጁን ታጥቦ ራቱን ይበላል።

ዓመት ሞላ። ሬዲዮ ጣቢያው ታላቅየውን የሚዘክር ዝግጅት አሰበና የመድኃኒት ቤቱን ሠራተኛ ልኮ እናትን ጋበዛት። ስለ ልጇ የመጨረሻ ድምፅ በራሷ አንደበት እንድትናገር። እሷም እሄዳለሁ አለች። ወሬው ለሶፋ ሠሪው ደረሰው። ሁለት መቶ ሺህ ሰው እየሰማ እናቱ የእሱን ድምፅ ልጄ ይኸው ብላ ልትመሰክር ነው። በዚያ ቀን ሲገባ ጫማውን ሳያወልቅ ፊቷ ቆመ። ማጫወቻው ተከፍቷል።

«እማዬ፣ ሬዲዮው ጋ አትሂጂ።»

«ለምን?»

ዘፈኑ ቀጠለ። ያቺ ቦታ ደረሰች፤ እናቱ እጇን ሰደደችና ጠቅ አደረገችው።

«ለምንድን ነው የማልሄደው?» አለች። «ንገረኝ እስቲ።»

«ዘፈኑ ... መጀመሪያው ላይ ያለው ... እሱ አይደለም።»

«እህ?»

«እኔ ነኝ። አጠፋሁበት፣ እማዬ። ልሰማው ብዬ ስከፍት ቀዩን ተጫንኩ። ሳላውቅ። ከዚያ እኔ ዘፈንኩበት።»

ይህን ለመናገር ዓመት ፈጀበት፤ ተናግሮ ሲጨርስ ግን ውሃ ጠጥቶ የማስቀመጥ ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደም። እናቱ እንድትጮህ ጠበቀ። እሷ ግን ቀሚሷን እያስተካከለች ወንበሩን አሳየችው።

«ተቀመጥ» አለች። «ሠላሳ ዓመት የማላውቀውን ሰው ድምፅ በስልክ ሽቦ ለይቼ ‹ደህና አደሩ› ስል ኖሬ፣ የወለድኩትን ልጅ የማልለይ መሰለህ?»

«ታውቂ ነበር?»

«ከመጀመሪያው ቀን ጀምሮ። ወንድምህ ሲዘፍን አፍሮ አያውቅም። ይሄ እያፈረ ነው የሚዘፍነው።»

«ታዲያ በየቀኑ ለምን ...»

«አንተ ስትገባ ነው የምከፍተው። ሌላ ጊዜ ከፍቼ አውቃለሁ? እንድትነግረኝ ነው። ዛሬ ይነግረኛል፣ ነገ ይነግረኛል እያልኩ። ከፈለግኩ እኔ ልጠይቅህ እችል ነበር። ግን ወንድምህን ጠይቄው ‹ደህና ነኝ› አለኝ። ጠይቄ የምሰማውን ጠግቤያለሁ።»

ሶፋ ሠሪው ፊቱን በመዳፉ ሸፈነ። አለቀሰ፤ እንደ ሕፃን፣ ሳያፍር። እናቱ ሲወጣለት ጠበቀችው። እንዳልተቆጣች ሲያውቅ ትከሻው ትንሽ ወረደ። አለቀ፣ ተገላገልኩ ያለባት አፍታ እሷ ነበረች።

«አሁን አንድ ነገር ንገረኝ» አለች እናቱ። ድምፅዋ ተለውጧል፤ ቸኮለች። «መጨረሻውን በመጀመሪያው ቀን ሰምቼዋለሁ። እዚያ ላይ ትንፋሽ ያጥረዋል። ያስለዋል። አሞታል እዚያ፤ ያስታውቃል፤ ደግሜ ልሰማው አልቻልኩም። መጀመሪያውስ? የጠፋው? ሲጀምር ደህና ነበር? ዘፈኑ ነው ያደከመው ወይስ ከመነሻውም እንዲያ ነበር? አንተ ሰምተኸዋል። ያን ቀን ምን ያህል አሞት እንደነበር የምታውቀው አንተ ብቻ ነህ።»

አሰበ። ከልቡ አሰበ። ስፖንጁ መሃል ቁጭ ብለው ሦስቱ የሰሙበትን ቀን ለማምጣት ሞከረ። ሁለተኛውን ጊዜም። «በሩን ገርበብ» የሚለው መጀመሪያ ወደ ጆሮው መጣ፤ ጥርት ብሎ፣ ከነመዳፉ ምት። ግን የራሱ ነው። ገፋው። እንደገና መጣ፤ ያው የራሱ። ሦስት ቀን ሙሉ የቀዳው፣ ዓመት ሙሉ ሱቁም ታክሲውም የነገረው ያ ድምፅ ከወንድሙ ላይ ተደርቦ ተቀምጧል፤ ከሥሩ ምንም አይሰማም።

እናቱ ወደ እሱ ጎንበስ ብላ ዐይኑን እያየች ትጠብቃለች።

«ደህና ነበር?» አለችው።

አዎ ሊላት አፉን ከፈተ። አንድ ቃል ነበር፤ ሸክሟን ሁሉ ያወርድላታል። ግን ውሸቱን ከድምፁ እንደምትለየው አሁን ያውቃል።

«አላስታውስም፣ እማዬ» አለ።

እናቱ ቀስ ብላ ወደ ኋላዋ ተደገፈች። ከዚያ ተነሳችና ራት ልታቀርብ ወደ ማድ ቤት ገባች።